ዳዊት ራሱን ሲደግም፦ «ይብል አብድ በልቡ» ለምን ሁለት ጊዜ ተጻፈ?

አራሚው (የካ አባዶ)

ጥያቄዬ አጭር ነው። ወደ ጥያቄው የሚያደርሰው መንገድ ግን ይረዝማልና ታገሡኝ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አክስቴ እማሆይ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊት ሲደግሙ ኖረዋል፤ አሁን ግን ግላኮማ ዓይናቸውን ስላደከመው ንባቡ በእኔ ላይ ወድቋል። ውኃ በሚመጣባቸው ቀናት ጀሪካኖቹን ከሞላሁ በኋላ፣ በማይመጣባቸው ቀናት ደግሞ ገና ሲነጋ፣ በረንዳው አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጣሉ። የምናነበው በግእዙ ነው፤ እንደ ሥርዓቱ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያልን። እኔ ግእዝ ተምሬ አይደለም። ፊደሉን እከተላለሁ፣ ስስት እማሆይ ያቃኑኛል። 28 ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ በጡረታዬ ማየት በተሳናቸው የ84 ዓመት መነኩሴ እታረማለሁ። ሙያው ተራውን ጠብቆ መጣብኝ ማለት ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ስድስተኛው ንጉሥ (አሥር አሥር መዝሙር የሚይዘው ክፍል) ላይ ደርሼ 52ኛውን መዝሙር «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» (ሰነፍ በልቡ እግዚአብሔር የለም ይላል) ብዬ ስጀምር እማሆይ እጃቸውን አነሡ። «እሱን ትናንት ብለኸዋል» አሉኝ። ገጽ የተሳሳትኩ መስሎኝ ወደ ኋላ ገለጥኩ። እውነታቸውን ነው። ሰኞ ባነበብነው በ13ኛው መዝሙር ላይ ያው ሰነፍ በልቡ ያንኑ ነገር ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በእርሳስ አመሳከርኳቸው። እዚህም እዚያም ካለ ልዩነት በቀር አንድ መዝሙር ናቸው። እማሆይን ይህን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁት ጠየቅኳቸው። «ከልጅነቴ» አሉ። «ያኔ አባቴ ቅጣት የጨመሩብኝ መስሎኝ ነበር።»

እኛ ዳዊት ይደገማል እንላለን። ዳዊት ራሱን ሲደግም ሳገኘው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነበር። ወይ ፊደል ለቃሚው አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ለቅሞታል፤ ወይ አዘጋጁ ከሁለት ቦታ ሰብስቦ ሲያስገባ አላስተዋለም። ታዲያ እዚህ የትኛው ነው? የእህቴ ልጅ ሥነ መለኮት ይማራል። ስነግረው «ጋሼ፣ ምሁራኑ መጻሕፍቱ በብዙ እጅ የተሰበሰቡና የታረሙ ናቸው ይላሉ» አለኝና ጫማውን አሥሮ ሄደ። «የታረሙ» የምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሣችኝ። ማን አረማቸው? መታረማቸውስ በምን ይታወቃል? ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ስድብ ያለው ሰው ለሌላ ጊዜ ያቆይልኝ።

ጽኑ ዓለት

አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መንፈስ ቅዱስ ያጻፈውን ያረመ ሰው የለም። ይህ የጀርመን ፈላስፎች ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ያመጡት ነገር ነው። ሁለት ጊዜ የተጻፈው ሁለት ጊዜ እንድንሰማው ነው። በቃ።

አራሚው (የካ አባዶ)

ልጄ፣ ሁለት ጊዜ እንድሰማው ከሆነ እሺ፣ ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅኩት በማን እጅ ሁለት ቦታ እንደተቀመጠ ነው። «በቃ» የሚለው ቃል በእርማት ምልክቶቻችን ውስጥ አልነበረም።

የብሉይ መምህር (ሰበታ)

ጤና ይስጥልኝ አባቴ። እማሆይን በእኔ ስም እጅ ይንሡልኝ። ብዙ ተማሪ በዓይኑ አይቶ የሚያልፈውን እሳቸው በጆሯቸው ይዘውታል።

ከሁለቱ ግምቶችዎ የተሻለው ሁለተኛው ነው፤ የአሰባሰብ ነገር ነው። አሰባሳቢው ሳያስተውል ቀረ በሚለው ግን አልስማማም።

መዝሙረ ዳዊት ከመጀመሪያው አንድ መጽሐፍ ሆኖ አልተጻፈም። የ40ኛውን መዝሙር መጨረሻ ይመልከቱ፤ «ለይኩን ለይኩን» ብሎ ያበቃል። በ71፣ በ88 እና በ105 መጨረሻም እንዲሁ ያለ ቡራኬ ያገኛሉ። እነዚህ ቡራኬዎች የየመድበሉ መዝጊያዎች ናቸው፤ መጽሐፉ በአምስት ይከፈላል የሚባለውም በእነርሱ ነው። ከሁሉ ይልቅ 71ኛውን እንደ አራሚ ይዩት። ከቡራኬው ቀጥሎ የእሴይ ልጅ የዳዊት ጸሎት ተፈጸመ የሚል መስመር አለ። ተፈጸመ ከተባለ በኋላ በ85ኛው ላይ የዳዊት ጸሎት የሚል አርእስት እንዴት ተመልሶ መጣ? ያ መስመር የአንድ ቀደምት ስብስብ የመጨረሻ ገጽ ነበር። ስብስቡ ትልቁ ጥራዝ ውስጥ ሲገባ መዝጊያውም አብሮት ገባ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ሊፍቀው አልደፈረም።

የእርስዎ 13ኛ መዝሙር የሚገኘው በመጀመሪያው መድበል፣ 52ኛው በሁለተኛው ነው። ሁለት መድበሎች ያንኑ መዝሙር ይዘው ነበር፤ ሲጠረዙ ሁለቱም ገቡ።

ለዚህ ምልክቱ ምንድን ነው ካሉኝ፣ በግእዙ የማይታይ አንድ ነገር አለ። በዕብራይስጡ (እዚያ ቁጥሮቹ 14 እና 53 ናቸው፤ የዕብራይስጡን 9 እና 10 ግሪኩ አንድ ስላደረጋቸው ከዚያ ወዲህ የእኛ በአብዛኛው በአንድ ያንሳል) 14ኛው መዝሙር የአምላክን ስም አራት ጊዜ ያህዌ፣ ሦስት ጊዜ ኤሎሂም ይለዋል። 53ኛው ላይ ግን ሰባቱም ኤሎሂም ናቸው። ሌላው ቃል ከጥቂት ቦታ በቀር ባለበት ቆሞ ስሙ ተቀይሯል። ይህ የአንድ መዝሙር ጠባይ ብቻ ቢሆን በአጋጣሚ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን በግእዙ ቁጥር ከ41 እስከ 82 ባሉት መዝሙራት በሙሉ ኤሎሂም የሚለው ስም እጅግ ይበዛል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ደግሞ ያህዌ ይበዛል። አንድ እጅ፣ ወይም አንድ ትምህርት ቤት፣ በእነዚህ መዝሙራት ላይ ከዳር እስከ ዳር አልፎባቸዋል። እማሆይ ይህን ሊሰሙ አይችሉም፤ በግእዙ ሁለቱም ስሞች እግዚአብሔር ተብለዋልና። በሁለት ቀለም የተጻፈው ለእርስዎ በአንድ ቀለም ታትሞ ደረሰዎት።

ሌላም ድጋሚ አለ። የት እንዳለ ግን አልነግርዎትም። ነገና ከነገ ወዲያ እማሆይ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ለጽኑ ዓለትም አንድ ነገር ልበል። ጥያቄው ከጀርመኖቹ በፊት ነበረ። የአይሁድ ታልሙድ ሙሴ መሞቱን የሚናገሩትን የኦሪት ዘዳግም የመጨረሻ ስምንት ቁጥሮች የጻፈው ኢያሱ ነው የሚል ቃል ይዟል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የስፔኑ ረቢ አብርሃም ኢብን ዕዝራ ደግሞ ዘፍጥረት 12 ላይ «በዚያን ጊዜም ከነዓናውያን በምድሩ ነበሩ» የሚለውን አይቶ፣ ይህን የጻፈው ከነዓናውያን ከሄዱ በኋላ የኖረ ሰው ሊሆን እንደሚችል በጥቅሻ ብቻ አሳልፎ፣ የገባው ዝም ይበል አለ። ወደ ቤታችን ስንመጣ ዕዝራ ሱቱኤል አለልን። መጨረሻውን ያንብበው። ሕጉ ተቃጥሏል፤ ዕዝራ እሳት የመሰለ ጽዋ ይጠጣል፤ አምስት ጸሐፊዎች እየተቀበሉት በ40 ቀን 94 መጻሕፍት ይጽፋሉ፤ 24ቱ ለሁሉ ይገለጣሉ፣ 70ው ለጠቢባን ይጠበቃሉ። መጻሕፍት ጠፍተው እንደ ገና በሰው እጅ ተሰበሰቡ የሚል ታሪክ በቀኖናችን ውስጥ እያለ በጥያቄው የምንደነግጥበት ምክንያት አይገባኝም።

አራሚው (የካ አባዶ)

የእኔ መምህር፣ ዛሬ ረቡዕ ከ61 ጀምረን 69 ላይ ደረስን። ነፍሴን የሚሹ ይፈሩ፣ ወደ ኋላቸው ይመለሱ የሚለው ነው። ገና አንድ ቁጥር ሳልጨርስ እማሆይ «ይህ የትናንቱ ጅራት ነው» አሉ። የምን ጅራት ብዬ ማክሰኞ ያነበብነውን ሳገላብጥ 39ኛው መጨረሻ ላይ አገኘሁት። ረጅሙ መዝሙር ከወገቡ ተቆርጦ፣ ታችኛው ግማሽ ብቻውን ራስ ወጥቶለት ቆሟል። ለካ የሰጡን የቤት ሥራ ይህ ነበር።

ስለ ስሙ የጻፉት ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። በ1987 ዓ.ም. ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር መጽሐፍ እናትም ነበር። ሁለት አጥቢያዎች ተባብረው፣ የየራሳቸውን ደብተር ሰጥተው፣ አንድ መጽሐፍ እንዲወጣላቸው ነው የመጡት። ሳነብበው ቁጥር 17 እና ቁጥር 63 አንድ መዝሙር ሆነው አገኘኋቸው። ልዩነታቸው አንደኛው «እመቤታችን» የሚለውን ሌላኛው «ንግሥታችን» ማለቱ ብቻ ነው። ደስ አለኝ። አራሚ ስህተት ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ የሚያውቀው አራሚ ብቻ ነው። 63ን በቀይ ሰረዝኩና ከዳር «ድጋሚ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አንድ ወጣት ፕሩፉን (ለእርማት የታተመውን ወረቀት) ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣ። ድምፁን አላነሣም። «የሰረዙት የእኛ ነው» አለኝ። «እኛ ሰፈር ንግሥታችን ነው የሚባለው። የእነሱ ይቅርና የእኛ ይሁን አልልም፤ የእኛም ግን አይቀርም።» መጽሐፉ 17ንም 63ንም ይዞ ታተመ። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎኝ ቤቴ እስክገባ ስነጫነጭ ነበር።

እንግዲህ አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። ስሙን የቀየሩት ለምንድን ነው? ግእዙስ ለምን ደበቀብኝ?

ቁም ጸሐፊው (ሱሉልታ)

ጋሼ፣ እኔ ብራና ፍቄ መጽሐፍ የምጽፍ ነኝ። የምሁራኑን ነገር አላውቅም፤ የእጅን ነገር ግን ልናገር።

ዓይን የሚዘለው የት እንደሆነ ያውቃሉ? ሁለት መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቅ ነው። መቃ ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነክሬ ቀና ስል ዓይኔ ከላይኛው ቃል ፈንታ ታችኛው ላይ ያርፋል፤ መካከሉ ይቀራል። በሰባተኛው ጥራዝ ላይ አንድ ቁጥር ሙሉ እንዲህ ጠፍቶብኝ አስጻፊዬ ሲያመሳክር አገኘው። ብራና ተፍቆ የሚጻፈው አንድ ሁለት ቃል ሲሆን ነው፤ ለአንድ ቁጥር ቦታ ስለማይበቃ ያለፈኝን በኅዳጉ (በገጹ ዳር) ጻፍኩት። ከመቶ ዓመት በኋላ የእኔን መጽሐፍ የሚቀዳ ሰው ያንን ኅዳግ ወደ ዐምዱ ያስገባዋል። እዚያ ላይ የሌላ ሰው ማብራሪያ ተጽፎበት ቢሆንስ? ምናልባት እሱንም ያስገባዋል። እኔም የተቀበልኩት ውስጥ እንዲህ ገብቶ የቆየ ይኖራል እያልኩ አስባለሁ።

ስለ ስሙም፣ እኛ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም እንለያቸዋለን። ድሮም ጸሐፊ ስም ላይ ሲደርስ እጁ ይከብደዋል። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቃየን አቤልን «ና ወደ ሜዳ እንሂድ» ያለው ቃል በዕብራይስጡ የለም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የብሉይ መምህር (ሰበታ)

እውነት ነው ወንድሜ። ዘፍጥረት 4፥8 በተለመደው የዕብራይስጥ ቅጂ ቃየንም ወንድሙን አቤልን አለው ይልና ምን እንዳለው ሳይናገር በሜዳም ሳሉ ብሎ ይቀጥላል። ግሪኩና የሳምራውያን ኦሪት «ወደ ሜዳ እንሂድ» የሚለውን ይዘዋል። አንተ የነገርከን የዓይን ዝላይ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ ክፍተቱን አይቶ ሞልቶትም ሊሆን ይችላል። የጸሐፊ መሳሳትና የአርታኢ ሥራ በዚህ ይለያያሉ፦ የጸሐፊው ስህተት አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ የአርታኢው እጅ ከ41 እስከ 82 በአንድ መንገድ ይሄዳል።

ስለ ስም ክብር ያልከውንም በዓይናችን የምናየው አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በሙት ባሕር አጠገብ በ11ኛው የቁምራን ዋሻ የተገኘው የመዝሙር ጥቅልል በተለመደው የዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ፣ ያህዌ የሚለው ስም ጋ ሲደርስ ብቻ ጥንታዊውን የዕብራይስጥ ፊደል ይጠቀማል። ያንተ ቀይ ቀለም ማለት ነው። ያ ጥቅልል ለእኛ ሌላም ዋጋ አለው። የመጨረሻዎቹ መዝሙራት ቅደም ተከተል ከምናውቀው ይለያል፤ «ንኡስ አነ እምአኀውየ» የምንለውን 151ኛውን በዕብራይስጥ ይዟል፤ እዚያ ግን ሁለት የተለያዩ ግጥሞች ናቸው፤ ግሪኩ አሳጥሮ አንድ አድርጓቸዋል። ደግሞም ዳዊት 4,050 መዝሙርና ዜማ እንደ ጻፈ ይቆጥራል፤ ከእነርሱ 364ቱ ለዓመቱ ቀናት እያንዳንዳቸው አንድ ናቸው። የ364 ቀን ዓመት የማን እንደሆነ ሄኖክንና ኩፋሌን ያነበበ ያውቃል።

ወደ አራሚው ጥያቄ ልመለስ። ስሙን የቀየሩበትን ምክንያት በተመለከተ ምሁራኑ አንድ ቃል የላቸውም፤ ስሙን ለመጥራት ከመፍራት ነው የሚሉት ይበዛሉ። ግእዙ የደበቀብዎት ግን ሆን ብሎ አይደለም። ብሉያችን በመሠረቱ የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ ያህዌን ኪርዮስ፣ ኤሎሂምን ቴዎስ እያለ ይለይ ነበር፤ የእኛ ተርጓሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግዚአብሔር አሉት። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፍቱ ግን ጥላው ይታያል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እስከ መጨረሻው እግዚአብሔር ብቻ እያለ ሄዶ ምዕራፍ 2 ቁጥር 4 ላይ ድንገት እግዚአብሔር አምላክ ማለት ይጀምራል። እዚያው ላይ ሰው ከእንስሳት በኋላ የተፈጠረበት ታሪክ ያበቃና ሰው ከእንስሳት በፊት የተፈጠረበት ታሪክ ይጀምራል።

ይህን አይቶ መንገድ የጠረገው ዣን አስትሩክ የተባለ የፈረንሳይ ንጉሥ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1753 ስሙን ሳይጽፍ ያሳተመው። ጽኑ ዓለት ሆይ፣ የዚህ ሰው ዓላማ ሙሴን ለማፍረስ አልነበረም። ሙሴ ከእርሱ በፊት የነበሩ ጽሑፎችን ሰብስቦ በዐምድ ዐምድ አስቀምጧቸው ነበር፣ በኋላ ተደባለቁ ብሎ ለመከላከል ነው የተነሣው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ቀጠሉበት። ጀርመናዊው ደ ቬቴ እ.ኤ.አ. በ1805 ኦሪት ዘዳግምን በኢዮስያስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ገደማ፣ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ በቤተ መቅደስ አገኘሁት ካለው መጽሐፍ ጋር አያያዘው። ሌላው ጀርመናዊ ቬልሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1878 ኦሪት የተሰበሰበችው ከአራት ምንጮች ነው ብሎ ነገሩን በሥርዓት አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ የቬልሃውዘን ቤት ብዙ ግድግዳው ተነቃንቋል፤ አራት ነበሩ የሚሉም፣ ቁርጥራጮች ናቸው የሚሉም፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተጨመረ አደገ የሚሉም አሉ። ከአራቱ አንዱ የተባለው የካህናቱ ወገን ጽሑፍ ከሌላው መለየቱን ግን አብዛኞቹ ይቀበላሉ።

ሥራውን ራስዎ ይሞክሩት። ሁለት ቀለም እርሳስ ይዘው ዘፍጥረት 6 እስከ 9ን ያንብቡ። ሌላ አልልም።

ጽኑ ዓለት

ሱቱኤልን ደግሜ አነበብኩት። መምህር፣ ዕዝራ አላረመም፤ የጠፋውን መልሶ ጻፈ። ልዩነት አለው። ነገር ግን ስለ ሐኪሙ የነገሩንን አላውቅም ነበር፤ ለእሱ አመሰግናለሁ።

የብሉይ መምህር (ሰበታ)

ልዩነት አለው፤ ትክክል ነህ። እንግዲያውስ ኤርምያስ 36ን ጨምርበት። ንጉሥ ኢዮአቄም ክርታሱ እየተነበበ በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ይጥለዋል። ኤርምያስ ለባሮክ እንደ ገና ያጽፈዋል፤ ምዕራፉም እንደ ፊተኛው ያለ ብዙ ቃል ተጨመረበት ብሎ ያበቃል። መጽሐፉ ስለ ራሱ ሁለተኛ እትም ይናገራል። የሚገርመው ደግሞ የግሪኩ ኤርምያስ ከተለመደው ዕብራይስጥ በሰባት ወይም በስምንት አንድ እጅ ያህል ያጥራል፤ በአሕዛብ ላይ የተነገሩት ትንቢቶችም በመጽሐፉ መካከል እንጂ መጨረሻ ላይ አይደሉም። ግሪኮቹ አሳጥረውት ነው ሲባል ቆይቶ፣ በቁምራን አጭሩን መልክ የሚከተል የዕብራይስጥ ቁራጭ ተገኘ። አጭሩና ረጅሙ ሁለቱም በዕብራይስጥ ነበሩ ማለት ነው።

የጥንቱ ሰው መጽሐፍን እንዴት መልሶ ይጽፍ እንደነበር ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሁለተኛ ሳሙኤል 24 ሕዝቡን እንዲቆጥር ዳዊትን ያነሣሣው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይላል። ያንኑ ታሪክ የሚተርከው አንደኛ ዜና መዋዕል 21 ሰይጣን ነው ይላል። ኩፋሌም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዘፍጥረት እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው ሲል፣ ኩፋሌ ላይ የክፉ መናፍስት አለቃ የሆነው መስቴማ መጥቶ አብርሃም በይስሐቅ እንዲፈተን ይጠይቃል። ኋለኛው ጸሐፊ ፊተኛው ባስጨነቀው ቦታ ላይ ቆሞ ታሪኩን በሌላ አፍ ይነግረዋል። የቁምራን የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች የ15 ያህል የኩፋሌ ቅጂዎች ናቸው፤ ሙሉ መጽሐፉን ግን ጠብቀው ያቆዩት የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ብቻ ናቸው። የሱሉልታው ወንድማችን እጁ ሲደክመው ይህን ያስብ።

አራሚው (የካ አባዶ)

ትናንት ማታ መብራት ስለጠፋ የጥፋት ውኃን ያቀለምኩት በሻማ ነው። ሰማያዊና ቀይ እርሳስ ከጎረቤት ልጅ ተዋስኩ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አስገባ የሚለውን ሰማያዊ፣ ከንጹሑ እንስሳ ሰባት ሰባት የሚለውን ቀይ አደረግኩ። ዝናቡ 40 ቀን የሚለው ቀይ፤ ውኃው 150 ቀን በምድር ላይ በረታ የሚለው ሰማያዊ። ኖኅ ሁለት ጊዜ መርከብ ሲገባ ለየብቻ ቀለም ሰጠሁት። አንዳንድ ቁጥር ላይ እርሳሱን ይዤ ቀረሁ፤ የትኛው እንደሆነ አልገባኝም። ቀዩን ብቻ ተከትዬ ሳነብ ግን ታሪኩ ብዙም አልጎደለብኝም። ሰማያዊውን ብቻ ሳነብም እንደዚያው። እንዲህ አድርጎ ሁለት ጽሑፍ እየገመደ የሚሠራ አዘጋጅ በ28 ዓመት አንድም አላጋጠመኝም። የእኛዎቹ አንዱን ይጥሉ ነበር።

ዘፀአት 6፥3ም ሌላ ነገር ሆነብኝ። ስሜ እግዚአብሔር ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ አልታወቀም ነበር ይላል። ዘፍጥረት 15 ላይ ግን ለአብርሃም ከዑር ያወጣሁህ እግዚአብሔር እኔ ነኝ ብሎታል። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። በፕሩፍ ላይ ቢሆን በመጀመሪያው ንባብ ከዳር የጥያቄ ምልክት አደርግበት ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። መምህር፣ ሁለተኛው የቤት ሥራዎ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ከ81 ጀመርኩ። 107 ላይ ስደርስ «ጥቡዕ ልብየ» ብዬ ገና ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ እጃቸው ተነሣ። «ማክሰኞ» አሉ። ቀጠልኩ። ጥቂት ቁጥር ሄጄ ወዳጆችህ ይድኑ ዘንድ የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸው እንደ ገና ተነሣ። «ይህም ማክሰኞ ነው። ከዚያኛው ግን አይደለም።»

ወደ ኋላ ገለጥኩ። የመጀመሪያው ግማሽ የ56ኛው መዝሙር መጨረሻ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ የ59ኛው መጨረሻ። 56 በአንበሶች መካከል ተኝቻለሁ፣ ለእግሬ ወጥመድ አዘጋጁ እያለ ነው የሚመጣው። 59 አቤቱ ጣልኸን፣ አፈረስኸን ብሎ ይጀምራል። 107ን የሠራው ሰው የሁለቱንም ልቅሶ ትቶ ጅራታቸውን ብቻ ወስዷል። ለእማሆይ ይህን ነገርኳቸው፤ ሁለት መዝሙር ተቆርጦ እዚህ ጋ ተሰፍቷል አልኳቸው።

«ማን ሰፋው?» አሉኝ።

«አይታወቅም።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ክሩ ይታያል» አሉ። «ቀጥል፣ እርግማኑ ይቀረናል።»

108ን ጀመርኩ።